ጅማን ከጓሮ ጀምሮ ማጽዳትና ማለምለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በእድር ስብሰባ፣ ቡና በሚጠጣበት በረንዳ፣ በጽዳት ቀን አካፋ ተይዞ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። መልሱ የተጻፈው ጅማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው፤ ዝናባችንን፣ ቡናችንን፣ አዌቱ ወንዝንና ቦዬ ረግረግን እያሰብን።

ጅማ አረንጓዴ ከተማ ናት፤ ዝናብም አላጣንም። የአየር ንብረት ለውጥ እኛን ምን ይመለከተናል?

እውነት ነው፣ ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለችም አየሯ ለሰውም ለተክልም ይስማማል። ይህ ጸጋ ግን ዋስትና የለውም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ጉዳቱ እኛ ዘንድ ጎልቶ የሚመጣው በቡና በኩል ነው። አረቢካ ቡና ሙቀት ሲበዛበትም ሲያንስበትም አይወድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ጅማ ላይ ቡና የገበሬው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያው፣ የባጃጁ ገቢ፣ የሂርማታ ገበያ ድምቀት ሁሉ ከቡናው ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ሁለተኛው ዝናቡ ራሱ ነው። ሙቀት ሲጨምር አየር ብዙ እርጥበት ይይዛል፤ ዝናቡ ሲወርድም ባንዴና በኃይል ይወርዳል። ዲቹ፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ተደፍኖ ከጠበቀው ውሃው መንገዱን ትቶ ቤት ይገባል። ዓለምን ያሞቅነው እኛ አይደለንም፤ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። የደፈንነው ዲች ግን የራሳችን ነው፤ ለመክፈትም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ከምን እንጀምር? ችግኝ ከመትከል?

ችግኝ ይቆየን። ከእርጥቡ ቆሻሻ እንጀምር።

ስለ ጅማ ደረቅ ቆሻሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በቀን 88 ሺህ ኪሎ ገደማ ቆሻሻ ታወጣ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል በአማካይ 0.55 ኪሎ። ከዚህ ውስጥ 87 በመቶው የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው። በክብደት 54 በመቶው ደግሞ የሚበሰብስ ነገር ነበር። በዝናቡ ወራት ቆሻሻው ከበጋው በ40 በመቶ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እሸቱ፣ ፍራፍሬው፣ ጎመኑ በብዛት ወደ ቤት የሚገባው ያኔ ነው። ቆሻሻውን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ የሚወስደው 25 በመቶ ያህል ሕዝብ ብቻ ነበር። 51 በመቶው ቤተሰብ ራሱ በመረጠው ቦታ ይጥላል፤ 22 በመቶው ያቃጥላል።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሰፍታለች፣ ቁጥሩም ያው ሆኖ አይቆይም። የነገሩ መልክ ግን በየቤታችን የምናየው ነው፦ ከምንጥለው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የአቮካዶ ቅርፊት፣ የሙዝ ልጣጭና የቡና አተላ ነው። ይህ ሁሉ ከፌስታል ጋር ተጠቅጥቆ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ነው። ያው ልጣጭ ጓሯችን ውስጥ አየር እያገኘ ቢበሰብስ አፈር ይሆናል። እርጥቡ ከደረቁ ሲለይ ደግሞ ሌላውም ይቀላል፤ ጠርሙሱ ንጹሕ ሆኖ ለቆራሌው ይሸጣል፣ ጆንያው አይሸትም፣ አይከብድም። ለዚህ ነው ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ የምንለው።

ኮምፖስት ጅማ ውስጥ እንዴት ይሠራል? ጉድጓድ ቆፍረን ሞክረን ውሃ ሞላው።

ጉድጓድ የበጋና የደረቅ አገር ዘዴ ነው። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ፣ በተለይ በክረምት፣ ኮምፖስት የሚሠራው ከመሬት በላይ በክምር ነው።

ጥላ ያለበትና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ስፋቱና ከፍታው አንድ አንድ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ውስጡ በደንብ አይሞቅም። ከሥር ጭራሮና የበቆሎ አገዳ አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ደረቁን ነገር በወፍራሙ፣ እርጥቡን በስሱ እያፈራረቃችሁ ደርድሩ። ደረቅ የምንለው የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ የቡና ገለፈት፣ የተቀዳደደ ካርቶን ነው። እርጥቡ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የታጨደ ሳር፣ የቡና አተላ ነው። በመስፈሪያ ከለካችሁት ለአንድ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ደረቅ ይበቃል። በየድርድሩ ላይ ትንሽ እበት በውሃ በጥብጣችሁ ርጩበት፤ እበት ከሌለ ከዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቁር አፈር ወይም ያለቀ ኮምፖስት ይተካዋል። አመድ በትንሹ ብቻ።

ላዩን በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት። ክረምት ከሆነ ከላይ አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ዘንበል አድርጋችሁ አኑሩ፤ ዝናቡ ጥሩውን ነገር ሁሉ አጥቦ እንዳይወስደው። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዛችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፦ ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቅዞ ረጥቦ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ አገላብጡትና ደረቅ ነገር ጨምሩበት። በሦስተኛው ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በየወሩ ማገላበጥ ነው። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ አፈር ሽታ ያለው ነገር ታገኛላችሁ።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የበዛበት የወጥ ትርፍ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ በሽታ የመታው ተክል አይገባም።

የቡና ገለፈት ጎመን ላይ በቀጥታ ብንበትነውስ?

አይሆንም። ከጀንፈል፣ ማለትም ከነሽፋኑ ከደረቀ ቡና፣ የሚወጣው ገለፈት ካፌይንና ታኒን አለው፤ ሳይበሰብስ ለጋ ተክል ሥር ሲደረግ እድገቱን ይጎዳል። ከእበትና ከእርጥብ ነገር ጋር ከበሰበሰ በኋላ ግን ፖታሺየም የሞላበት ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ጅማ ከሌሎች ከተሞች የሚለያት አንድ ሀብት ይህ ይመስለኛል። በመፈልፈያ ቤቶች ዙሪያ ክምሩ ተራራ ሠርቶ ሲጨስ ወይም ዝናብ ሲያጥበው ማየት ያሳዝናል። ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሰፈር በጋሪ ጭኖ ሊወስደው ይችላል፤ ለባለ መፈልፈያውም እፎይታ ነው።

ገለፈቱ ሌላም ጥቅም አለው። በውሃ ተነክሮ በእንፋሎት ከተቀቀለ በኋላ እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ ተጨምቆ ደግሞ የከሰል ምትክ የሚሆን ብሪኬት ይወጣዋል።

የጫት ገረባስ?

ቅጠሉና ለስላሳው ይበሰብሳል፤ እንጨቱን ለክምሩ ሥር አንጥፉት። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ ግን አትርሱ። ስለዚህ ገረባ የበዛበትን ኮምፖስት ለአበባና ለዛፍ ችግኝ ማዋል ይሻላል፤ ለሰላጣና ለጎመን አንመክርም። ጫቱ የተጠቀለለበት ኮባ ይግባ፣ ፌስታሉ ይውጣ።

ይሸታል፣ አይጥ ያመጣል ብለው ጎረቤቶቼ ተቃወሙ። ምን ላድርግ?

የሚሸተው አየር ያጣ ክምር ነው፤ አይጥ የሚጠራው እንጀራና የወጥ ትርፍ ነው። ልጣጭ በጣላችሁ ቁጥር ላዩን በገለፈት ወይም በደረቅ ቅጠል ብትሸፍኑት ዝንብ እንኳ አይሰፍርበትም። እንጀራና የምግብ ትርፉን ለዶሮ ወይም ከብት ላለው ሰው ስጡ። ከሁሉ በላይ ግን ጎረቤትን መጀመሪያ ማማከር ይቀድማል፤ ክምሩ ከአጥር ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደማን እንደሚነፍስ ታይቶ ይሁን። የመጀመሪያው ኮምፖስት ሲወጣም አንድ ባልዲ ለተቃወመው ቤት ይድረስ።

ተከራይ ነኝ፤ ጓሮ የለኝም።

ክዳን ያለው ባልዲ በቂ ነው። ባልዲውን ጎንና ሥሩን ብሱት፣ ደረቅ ነገር ከታች አድርጉ፣ ልጣጩን በየቀኑ እየጨመራችሁ በገለፈት ሸፍኑ። ሲሞላ ጓሮ ላለው ጎረቤት ወይም ለሰፈሩ የጋራ ክምር ትሰጣላችሁ። ቀይ ትል ያገኘ ሰው ደግሞ በትል የሚሠራውን መሞከር ይችላል፤ ቦታ አይፈጅም፣ ቶሎም ይደርሳል። ትሎቹ ግን ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ጨውና ዘይት አይወዱም።

ጎመን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቃሪያና ጤና አዳም በቆርቆሮ ይበቅላሉ። ለእነሱ የሚሆን አፈር ከዚያው ከባልዲው ይገኛል።

ፌስታልና ፕላስቲክ ማቃጠል ከመጣል አይሻልም?

አይሻልም። የፕላስቲክ ጭስ ውስጥ ለካንሰር የሚዳርጉ መርዞች አሉ፤ በተለይ ምሽት ላይ አየሩ ሲረጋ ጭሱ ተኝቶ ልጆች ወደሚተኙበት ቤት ይገባል። አታቃጥሉ።

ፌስታል በሕግ ተከልክሏል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የሚከለክለው ስሱን ፌስታል ብቻ ነበር፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ግን አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ማምረትንም መሸጥንም መጠቀምንም ይከለክላል፤ ለሚተላለፍም ቅጣት አለው።

ቅጣቱን ከመፍራት ይልቅ ወላጆቻችን ገበያ ይዘው የሚወጡትን ዘንቢል ማውረድ ይቀላል። ጅማ ቅርጫትና የእጅ ሥራ የማይቸግራት ከተማ ናት። አንድ ሐሳብ፦ የሰፈሩ ሴቶች ተሰባስበው የጨርቅ ከረጢት ቢሰፉ፣ በየሱቁ በመያዣ ቢቀመጥና ደንበኛው ሲመልስ ገንዘቡን ቢያገኝ ባለሱቁም አይከስርም፣ እናቶችም ሥራ ያገኛሉ።

አዌቱ ዳር ነው የምንኖረው። ለወንዙ ምን ማድረግ እንችላለን?

መጀመሪያ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። አዌቱ ከተማችንን መሃል ለመሃል አቋርጦ ይወርዳል፤ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ስለዚህ ድልድይ ላይ ቆመን የወረወርነው ጠርሙስ፣ ከታረሰው ዳገት የተጠረገው አፈር ከዓይናችን ይጠፋል እንጂ አይጠፋም። ቦዬ ላይ ይተኛል፣ ወይም ደለል ሆኖ የመብራታችን ግድብ ውስጥ ይቀመጣል።

ቦዬን ብዙ ሰው የሚያውቀው በጉማሬዎቹ ነው። ረግረጉ ግን ከዚያም በላይ ይሠራል። የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ቄጠማውና ጨፌው ቆሻሻውን ያጣራል፤ ጭቃው ውስጥ የታመቀው ብስባሽ ካርቦን ይይዛል። ረግረግ ሲደርቅ ያ ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። ቦዬም፣ ሌላው ረግረጋችን ቂጦም በብዙ በኩል ተጎድተዋል፦ ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ቆሻሻ ይደፋል፣ ለእርሻ ይጠነፈፋል። የከተማዋን ጎርፍ የሚውጥልን ሌላ ቦታ የለንም። ስለዚህ ረግረግን እንደ ባዶ መሬት የሚቆጥር ሐሳብ በየትኛውም ስብሰባ ላይ ሲነሳ ዝም አንበል።

ዳር የምትኖሩ ሰዎች በእጃችሁ ያለው ብዙ ነው። አንደኛ፣ የመጸዳጃ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ቱቦ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ። ይህ ከባዱ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል። ሦስት አራት ቤት ተጋግዞ አንድ የጋራ ጉድጓድ ቢቆፍር ይቀላል። ሁለተኛ፣ ዳሩን በሥር ማሰር። ለዚህ ቬቲቨር ሳር አቻ የለውም፤ ሥሩ ወደ ጎን ሳይሄድ በቀጥታ ወደ ታች ሁለትና ሦስት ሜትር ይወርዳል። ይህ ሳር ወደ አገራችን የገባው እዚሁ መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በቅርባችን እያለ በየዳገቱ አለመትከላችን ያስቆጫል። ከቬቲቨሩ ኋላ ቀርከሃና አገር በቀል ዛፍ ይከተል። ሦስተኛ፣ ወደ ወንዙ የሚወርዱትን ዲቾች ከሰኔ በፊት፣ ማለትም በሚያዝያና በግንቦት፣ በደቦ መጥረግ። ከዲቹ የወጣውን ደለልና ፌስታል ዳሩ ላይ ከምረን ከሄድን ግን የመጀመሪያው ዝናብ ይመልሰዋል፤ በዚያው ቀን ተጭኖ ይውጣ።

የከተማው የኮሪደር ልማት አዌቱ ዳርን መንካቱ ጥሩ ዕድል ነው። መሄጃውና መናፈሻው ያማረ ከሆነ ሕዝቡ ወንዙን ፊቱን አዙሮ ያየዋል። ውሃው ራሱ የሚጸዳው ግን ከላይ ካሉት ሰፈሮች ነው።

አንድ ቡና ማጠቢያ ወይም ድርጅት ወንዝ ሲበክል ካየን ማን ይሰማናል?

ሕግ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ያለው ፎቶ ይያያዝ፤ የገቢ ማህተም የተመታበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። በግል ስም ማቅረብ ከከበደ በእድሩ ስም ይቅረብ።

ቡና ማጠቢያን በተመለከተ ወቅቱን አስተውሉ። እሸት ቡና የሚታጠበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ወንዞች እየቀነሱ በሚሄዱበት ጊዜ ነው። ከገለፈቱ የሚወጣው ስኳራማ ውሃ ወንዝ ሲገባ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ይጨርሱትና ዓሣው ይሞታል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ማጠቢያው የማጣሪያ ጉድጓድ ይቆፍር፣ ውሃውን መልሶ ይጠቀም፣ ዙሪያውን ቬቲቨር ይትከል። ከባለቤቱ ጋር ቀድሞ በሽማግሌ መነጋገር ብዙ ጊዜ ከክስ ይቀድማል፤ እምቢ ካለ ግን ሕጉ አለ።

በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን፤ በየዓመቱ እዚያው ቦታ እንመለሳለን። ለምን?

ስለማንንከባከበው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ሕዝቡ በነቂስ ወጥቷል፤ ያ መነሳሳት ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ መትከል ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ችግኝ የሚሞተው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በውሃ ጥማት ወይም በፍየል አፍ። እኔ ብጠየቅ፣ ሰፈሩ መቶ ከሚተክል አሥር ተክሎ እያንዳንዱን ለአንድ ቤት በስም ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ጉድጓዱ ወር ቀደም ብሎ ይቆፈር፣ ከጓሮው ኮምፖስት አንድ አካፋ ይግባበት፣ ሥሩ በደረቅ ሳር ይሸፈን፣ ዙሪያው ይታጠር። ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ከሥሩ መውጣት አለበት፤ ወጥቶም ሜዳ ላይ አይቅር። በተከላ ማግስት ፕላስቲኩን የሚለቅሙ ልጆች አስቀድማችሁ መድቡ።

ዝርያውን በተመለከተ፣ ለጥላ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ብርብራ እዚሁ የኖሩ፣ የቡናም ጥላ የሆኑ ዛፎች ናቸው። ለጓሮ የተከተበ አቮካዶ ይሁን፤ ከዘር ከበቀለው ቀድሞ ያፈራል፣ ቁመቱም ዝቅ ይላል። በመብራት ሽቦ ሥር ረጅም ዛፍ አትትከሉ። ረግረግና ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ ፈጽሞ አይተከል።

ከሰልና እንጨት ሳንጠቀም እንዴት እንኖራለን? መብራቱ ይሄዳል።

ማንም በአንድ ቀን ተዉ አይልም። ከሰል በአፈር በተሸፈነ ክምር ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይቃጠላል፤ እንጨቱ የሚመጣው ደግሞ ዝናባችንን ከሚጠብቀው ደን ነው። ስለዚህ መቀነስ ይቻላል። ለእንጀራ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች የከሰል ምድጃ ሩብ ያህሉን ከሰል ያስቀራል። ሁለቱም ጭስ ይቀንሳሉ፤ የእናቶች ዓይንና የሕፃናት ሳንባ ለዚህ ይመሰክራሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰው መብራት ባለ ሰዓት ይጋግር፤ የአገራችን መብራት ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ሁለት ሦስት ቤት ተራ ገብቶ በአንድ የጋለ ምጣድ ቢጋግር ደግሞ ምጣድ ለማጋል የሚወጣው ኃይል ይተርፋል።

ባጃጅ ማቆም አለብን ማለት ነው?

አይደለም። ቅርብ ከሆነ በእግር፣ ራቅ ካለ ተጋርቶ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ባለ ሦስት እግርም በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ። ባጃጅ የሚቀይሩ ወጣቶች እቁብ ገብተው ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ማን ነው? አዲስ ማኅበር እናቋቁም?

አያስፈልግም። እድር አለን። እድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ከሁሉ በላይ መታመን አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ እድር የሚሰባሰብባቸው ሰፈሮች አሉን። የእድሩ ዕቃ ቤት ራሱ አስቀድሞ የተሠራ የቁጠባ ሥራ ነው፦ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ ለሁሉም ቤት ይዞራል። በሠርግና በኢድ የሚጣል የፕላስቲክ ሳህንና ብርጭቆ የምንገዛው ይህ እያለ ነው። እድሩ «ዕቃችን እያለ ፕላስቲክ አይገዛም» ብሎ ቢወስን በአንድ ዓመት ብቻ የሚቀረው ቆሻሻ ብዙ ነው። ሳህኑን የሚያጥቡት ሁልጊዜ ሴቶች ብቻ እንዳይሆኑ ግን አብሮ ይወሰን። አለዚያ ሸክሙን ከወንዙ አንስተን እነሱ ላይ መጫን ይሆናል።

ወጣቶችን በተመለከተ ዩኒቨርሲቲው ቅርባችን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ከተመሠረተ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጓል፤ ሲቢቲፒ በሚባለው ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም ተማሪዎች ወደ ሰፈር ወጥተው ችግር ይለያሉ፣ መፍትሔ ያቀርባሉ። ወደ እናንተ ሲመጡ ቅጽ ሞልታችሁ ብቻ አትሸኙ። «የዚህን ዲች ውሃ ለኩልን፣ ይህን ኮምፖስት መርምሩልን» በሏቸው።

ቆሻሻ ማንሳት የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አይደለም?

ነው፤ መጠየቅም መብታችን ነው። ገንዳ በሰዓቱ እንዲነሳ፣ ማስወገጃው ቦታ በአግባቡ እንዲያዝ መወትወት አለብን። አያያዙ ካልተስተካከለ ምን እንደሚመጣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ አይተናል፤ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። እኛ እርጥቡን ቤታችን ስናስቀር ወደ ክምሩ የሚሄደው ከግማሽ በታች ይሆናል።

በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡትን የማኅበር ልጆችም እናክብራቸው። ክፍያቸውን በወቅቱ ስጡ፤ የተሰበረ ብርጭቆና መርፌ በጆንያ ውስጥ አትደብቁባቸው፣ ለብቻው በጠርሙስ ዘግታችሁ ንገሯቸው። ጓንት ከሌላቸው እድሩ ይግዛላቸው።

ለውጥ መምጣቱን በምን እናውቃለን?

ሚዛን ይኑራችሁ። ለአንድ ሳምንት የምትጥሉትን ጆንያ መዝኑ፣ መለየት ከጀመራችሁ በኋላ ደግማችሁ መዝኑ። ክረምቱና በጋው ስለሚለያዩ ግን ሐምሌን ከሐምሌ፣ ጥርን ከጥር አነጻጽሩ። ለዲቹ ደግሞ ከትልቅ ዝናብ በኋላ ውሃው ስንት ሰዓት ቆሞ እንደቆየ ጻፉ። ለችግኝ የተተከለው ሳይሆን በሚያዝያ በሕይወት የተገኘው ይቆጠር።

መቼ መጀመር ይሻላል?

ለኮምፖስት ኅዳር። ዝናቡ አቁሟል፣ ሳሩ ገና እርጥብ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በየመፈልፈያው ትኩስ ገለፈት አለ። ኅዳር ላይ የተከመረው መጋቢት ላይ ይደርሳል፤ ለበልጉ ጎመን፣ ለሚያዝያው ጎደሬና በቆሎ፣ ለሰኔው የችግኝ ጉድጓድ። የዲች ጠረጋው ሚያዝያና ግንቦት፣ ተከላው ሰኔና ሐምሌ፣ ችግኝ ማጠጣቱ ከኅዳር እስከ የካቲት። የእድሩ ስብሰባ ደግሞ ጥቅምት ላይ ይጠራ፤ አካፋና ጋሪ ማን እንደሚያመጣ፣ ክምሩ የማን ጓሮ እንደሚሆን፣ ገለፈቱን ለመጠየቅ ወደ መፈልፈያው ማን እንደሚሄድ በዚያ ቀን በስም ይጻፍ።